ፍሉ ያዘንና እኔ ብቻ ሆስፒታል ገባሁ፦ ውፍረትና ቫይረስ ምን አገናኛቸው?

ከሜሪላንድ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«41 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1.64 ሜትር፣ ክብደቴ 98 ኪሎ። ስኳር የለብኝም፣ ግፊትም የለብኝም። ባለፈው ጥር ቤት ውስጥ ሁላችንንም ፍሉ ያዘን። ቀጭኗ እህቴ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። እኔን ግን ወደ ሳምባ ምች ዞሮብኝ ሆስፒታል ተኛሁ፤ ኦክስጅን ላይ ሰነበትኩ። ስወጣ አንዱ ሐኪም ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳይል "ክብደት ቀንሺ" አለኝ። ውፍረት ልብ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ፍሉ ግን ቫይረስ ነው። ምን አገናኛቸው? ወይስ ሌላ የሚሉት ሲያጡ ነው?»

እህቴ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት።

ሐኪሙ ያሉት ነገር እውነት ነው። አባባላቸው ግን ምንም አልጠቀመዎትም። ለምን እንደሆነ አላስረዱዎትም። ክብደቱ እስኪቀንስ ድረስስ ምን ያድርጉ? ያንንም አልነገሩዎትም። ስለዚህ ከዚያ ልቀጥል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። ውፍረት ይበልጥ የሚወስነው ቫይረሱ ይይዝዎታል ወይ የሚለውን አይደለም። ከያዘዎት በኋላ ምን ያህል ይከፋል የሚለውን ነው። እርስዎም እህትዎም እኩል ተይዛችኋል። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የእርስዎ ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) 36.4 ነው። 98ን ለ1.64፣ ውጤቱን እንደገና ለ1.64 ማካፈል ነው። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት፣ ከ40 ጀምሮ ከባድ ውፍረት ይባላል። ይህ ቁጥር ስቡ ዳሌ ላይ ይሁን ሆድ ላይ አይነግረንም። ለሳምባ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቦርጭ ይብሳል። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እደርስበታለሁ።

እኛ ሐኪሞችም ነገሩን በቅጡ ያወቅነው ቅርብ ጊዜ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) እስከ 2009 ድረስ ፍሉ ይበረታባቸዋል የሚባሉት አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብና የሳምባ ሕመምተኞች ነበሩ። ወፍራም ሰው ስሙ አይነሳም ነበር። በዚያ ዓመት ኤች1ኤን1 የተባለው አዲስ ፍሉ መጣ። ከሚሺጋን አጭር ሪፖርት ወጣ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለገቡ 10 ሰዎች ነበር። ዘጠኙ ወፍራሞች ነበሩ። ከዘጠኙም የሰባቱ ቢኤምአይ 40ና ከዚያ በላይ ነበር። አምስቱ ሳምባቸው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘባቸው። ሦስቱ ሞቱ። 10 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ማንም አይፈርድም። ግን በኋላ ከካሊፎርኒያ የመጣው ሰፋ ያለ መረጃም ወደዚያው አመለከተ።

ኮቪድ ሲመጣ ነገሩ ለየለት። ሊል በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 124 ሰዎች በ2020 ተጠኑ። ቢኤምአያቸው ከ35 በላይ ከሆነው ውስጥ ከ100 ወደ 86ቱ ቬንቲሌተር (የሚያስተነፍስ መሣሪያ) አስፈልጓቸዋል። ክብደታቸው ሲወርድ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ከዳኑ በኋላ በጣም ወፍሬ ነበር ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ መንግሥታቸውም የክብደት ቅነሳ ዘመቻ ጀመረ።

የእርስዎን ጥያቄ ቁርጥ አድርጎ የሚመልሰው ግን በ2021 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ነው። 6.9 ሚሊዮን ሰው ነው የታየው። በኮቪድ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት አደጋ መጨመር የሚጀምረው ከቢኤምአይ 23 ነው። ወፍራም ተብሎ ከማይጠራ ሰው ጀምሮ ማለት ነው! ከዚያ በላይ ለእያንዳንዷ አንድ ነጥብ ሆስፒታል የመግባት አደጋ በ5 በመቶ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት አደጋ ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስኳርና ሌሎች ሕመሞች በስሌት ተቀንሰው እንኳን ልዩነቱ አልጠፋም። ስለዚህ «ስኳርም ግፊትም የለብኝም» ማለትዎ ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ነፃ አያወጣዎትም። ደግሞ የክብደት ጫና ጎልቶ የታየው ሽማግሌዎች ላይ ሳይሆን ከ40 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። ከነጮች ይልቅም ጥቁሮች ላይ በርትቶ ታይቷል።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። በጣም የቀጨጩ ሰዎችም ለሆስፒታልና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ይህን የምጽፈው አገር ቤት ሆነው ለሚያነቡ ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጫጮች ነበሩ፤ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ግን ሌላ ዓለም ናት፤ እዚያ ውፍረቱ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰውነታችን ውስጥ እንግባ።

በደረትና በሆድ መካከል ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ። አየር ስናስገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድን ይገፋል። ሆድ ውስጥ ብዙ ስብ ሲኖር ግን መውረጃ ያጣል። ጭራሽ ስቡ ወደ ላይ ይገፋዋል። ደረትና ጡት ላይ ያለው ክብደት ደግሞ የጎድን አጥንት እንደ ልቡ እንዳይከፈት ይጫናል። በዚህ ምክንያት ሳምባ ሁልጊዜ በትንሹ ብቻ ተነፍቶ ይኖራል። እስቲ አሁን እንደወትሮው አየር ያውጡ። ጨረሱ? ገና ሊያወጡት የሚችሉት አየር አለ፤ ይግፉት። ያ ቀሪ አየር ቢኤምአዩ 30 በሆነ ሰው፣ ቢኤምአዩ 20 ከሆነው ሰው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው።

በደህናው ቀን ይህ ብዙም አያስቸግርም። ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፣ አረፍ ይላሉ፣ ያልፋል። ግን ከሳምባ ግርጌ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ለመዘጋት ጫፍ ላይ ናቸው። ደም ደግሞ በብዛት የሚሄደው ወደዚያው ግርጌ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ደሙ ኦክስጅን ሳይዝ ባዶውን ያልፋል። ቫይረሱ መጥቶ ሳምባው ሲያብጥና ፈሳሽ ሲቋጥር ጫፍ ላይ የነበረው ሁሉ ይዘጋል። እህትዎ የምትበላው መጠባበቂያ ነበራት። የእርስዎ ግን ድሮም ጥቂት ነበር። በዚያ ላይ ከባድ ደረት ማንሳት ራሱ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል።

አልጋው አጠገብ ሆነው ሲያዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ወፍራም ሕመምተኛ ለምርመራ ብለን በጀርባው ጠፍጣፋ እናስተኛለን። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 93 ያሳይ የነበረው 88 ይገባል። ራስጌውን ከፍ ስናደርገው፣ ምንም መድኃኒት ሳንሰጥ፣ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ሌላ ተአምር የለውም፤ ሆድ ከድያፍራም ላይ ወረደ፣ በቃ። ቬንቲሌተር ላይ ያለን ሰው በሆዱ የምንገለብጠውም በከፊል ለዚሁ ነው። ክብደቱ 130 ኪሎ ሲሆን አምስት ስድስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ቱቦ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው የደም ሥር መስመሮቹን ይጠብቃል። ሰው በሌለበት ሌሊት ይህ ራሱ ችግር ነው። ውፍረት ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም ፈተና መሆኑን ማንም አይጽፈውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውነት መከላከያ ነው። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ኬሚካል ያመርታል። ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በ1994 ሲገኝ ነው ይህ ግልጽ የሆነው። ስብ ሲበዛ ሰውነትን የሚያቆጡ ኬሚካሎች ሳያቋርጡ ይረጫሉ፤ ሰውነት ሳይታመም በዝቅተኛ ደረጃ ተቆጥቶ ይኖራል። «እንግዲያው መከላከያው ነቅቷል፣ ጥሩ አይደለም እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ውሻ ሌሊት ሌባ ሲመጣ ቢጮህ ማን ይነሳለታል? ቫይረስ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መውጣት ያለበት ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን አለ። ብዙ ወፍራም ሰዎች ላይ ዘግይቶና አንሶ ይወጣል። ቫይረሱ በዚያ ክፍተት ይራባል። መከላከያው ዘግይቶ ሲነሳ ደግሞ ከልክ በላይ ይነሳና የራሱን ሳምባ ይጎዳል።

ይህ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የቀረ ወሬ አይደለም። ማናጓ፣ ኒካራጓ፣ ቤተሰቦችን እየተከታተሉ ያጠኑ ሰዎች በ2018 እንዳሳወቁት፣ ምልክት ያለባቸው ወፍራም አዋቂዎች የኢንፍሉዌንዛ ኤ (የፍሉ አንድ ዓይነት) ቫይረስን ከሌሎቹ 42 በመቶ ለረዘመ ጊዜ ከሰውነታቸው ያወጣሉ። ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን አብረውዎት ለሚኖሩትም ትርጉም አለው። ተሽሎኛል ብለው ማስክዎን ቶሎ አይጣሉ። ኮቪድ ላይ ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2022 ቫይረሱ ስብ ውስጥ ራሱ ገብቶ እንደሚራባ አሳይተዋል።

ሦስተኛው የደም መርጋት ነው። የሚሺጋኖቹን አምስት ሰዎች ያስታውሱ። ስብ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ ፕሮቲን ያመነጫል። ቫይረሱም በራሱ ደም ያረጋል። ሰውየው ደግሞ ተኝቷል፣ አይንቀሳቀስም። ሦስቱ ሲገናኙ ጣጣ ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመዎት፣ ወይም ትንፋሽዎ በድንገት ካጠረ፣ «ድካሙ ነው» ብለው አይለፉት።

አንዳንዱ ኢንተርኔት ላይ ሌላ ነገር ያነብና ይመጣል። «ቬንቲሌተር ላይ ከገቡት ውስጥ ወፍራሞቹ ይሻላሉ ይባላል» ይለኛል። እውነት ነው፣ ሳምባቸው ክፉኛ ከተጎዳ ሰዎች መካከል ወፍራሞች በተሻለ የተረፉባቸው ጥናቶች አሉ። እኔ ብዙ አልመካበትም። ወፍራም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በወጣትነቱ፣ በአነስተኛ የሳምባ ጉዳት ነው እዚያ የሚደርሰው። በተቃራኒውም የተጋነነ አለ። በ2021 አንድ ዓለም አቀፍ ሪፖርት በወቅቱ ከተመዘገቡት 2.5 ሚሊዮን የኮቪድ ሟቾች 2.2 ሚሊዮኑ ግማሽ ሕዝባቸው ከመጠን በላይ የከበደባቸው አገሮች ውስጥ ነው ብሎ ነበር። እነዚያ አገሮች ግን ሽማግሌ የበዛባቸውና ሟቻቸውን በደንብ የሚቆጥሩም ናቸው። ሁሉንም በውፍረት ማሳበብ አይቻልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ክትባት አንድ። እዚያ ሜሪላንድ የፍሉ ክትባት ሰፈርዎ ያለ ፋርማሲ ይሰጣል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይውሰዱት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ክትባት ወፍራም ሰው ላይ የሚጠበቀውን ያህል አይሠራም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የተከተቡ አዋቂዎች ሲነጻጸሩ፣ ወፍራሞቹ ፍሉ ወይም ፍሉ መሰል ሕመም የያዛቸው በእጥፍ ገደማ ነው። የሚገርመው የደማቸው አንቲቦዲ እኩል ነበር፤ ደካማ የነበሩት ተዋጊዎቹ ሴሎች ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥም ቢኤምአያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ የኮቪድ ክትባት መከላከያ ቶሎ ሲወርድ ታይቷል። ይህ «አልከተብም» የሚያሰኝ አይደለም። ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ሳይቀሩ መከተብ ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር አለች፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። ከ90 ኪሎ በላይ ለሆነች ሴት ክንድ ላይ የሚወጋው መርፌ ርዝመቱ 38 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ነው መመሪያው። አጭሩ ጡንቻ ላይ ሳይደርስ ስብ ውስጥ ሊቀር ይችላል። እርስዎ 98 ነዎት። ፋርማሲስቱን «ረጅሙን መርፌ» ማለት ነውር የለውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ትኩሳትና ሳል ሲጀምርዎት አይጠብቁ። ዝንጅብሉም፣ ዳማከሴውም ይሁን፣ እኔ አልከለክልም። ግን በዚያው ቀን ይመርመሩ። ለፍሉ የሚሰጠው ታሚፍሉ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ለኮቪድ የሚሰጠው ፓክስሎቪድ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። አሜሪካ ፍሉ ላይ ለከፋ ሕመም የተጋለጡ የሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ያለው ቢኤምአይ 40ና በላይ ስለሆነ፣ እርስዎን ሊያልፉዎት ይችላሉ። «ባለፈው በፍሉ ሳምባ ምች ይዞኝ ኦክስጅን ላይ ነበርኩ» ይበሉ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቢኤምአይዎ በላይ ትናገራለች።

ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይግዙ፤ ውድ አይደለም። ጤነኛ ሳሉ ስንት እንደሆነ ይወቁት። ሲታመሙ ቁጭ ብለው፣ እጅዎን አሙቀው ይለኩ። ጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ ያለበትን ጣት ይተዉት። ከ94 ሲወርድ ለሐኪም ይደውሉ፤ 90ና በታች ከሆነ 911 ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። በ2020 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ጥቁሮች ላይ የኦክስጅን መውረድን ከነጮች በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። 95 እያሳየ እርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ከተደናገሩ ይሂዱ።

በጀርባዎ ጠፍጣፋ አይተኙ። ትራስ ደራርበው ቀና ይበሉ፤ ከቻሉ በጎን ወይም በሆድ። ቀን ቀን ወንበር ላይ ይቀመጡ።

በሻንጣ ስለሚመጣው መድኃኒትም ላንሳ። ከአገር ቤት የመጣ ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን) እና አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ያልተቀመጠበት ሐበሻ ቤት አላውቅም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ዴክሳሜታሶን ኮቪድ ላይ ሕይወት ያተረፈው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ በ2020 የእንግሊዙ ትልቅ ሙከራ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን አልጠቀመም። ፍሉ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሊጎዳ ይችላል። ዘግይቶ የሚነሳውን መከላከያዎን ጨርሶ አያስተኙት።

ወደ ክብደቱ ልመለስ። መቀነሱ ይጠቅማል? ይጠቅማል። ክሊቭላንድ ክሊኒክ ከኮቪድ በፊት ለክብደት መቀነሻ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርገው ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ካልቀነሱት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በቫይረሱ የተያዙት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ናቸው። ሆስፒታል የመግባት አደጋ ግን ቀንሰው በቆዩት በ49 በመቶ ወረደ። መጀመሪያ ላይ ያልኩዎት ነገር እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዉ ሁሉ የሚያወራለት ሴማግሉታይድም (ዌጎቪ ወይም ኦዜምፒክ የሚባለው) ቢሆን፣ የልብ ሕመም ባለባቸው 17,604 ሰዎች ላይ ሲሞከር በኮቪድ የመሞት አደጋ በ34 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። እዚያም በበሽታው መያዙ አልቀነሰም። እርስዎ የልብ ሕመም ስለሌለብዎት ቁጥሩ እንዳለ አይገለበጥም፤ ግን ሐኪምዎን ስለ መድኃኒቱ ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። 

አሁን ግን አይጀምሩ። ገና ከሳምባ ምች መነሳትዎ ነው። ጡንቻዎ ተጎድቷል። ለጥቂት ሳምንታት እንቁላሉንም፣ ምስሩንም፣ ሥጋውንም ይብሉ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ። ክብደቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በረሃብ ተዳክሞ የሚጠብቅ ሰውነትም ለቫይረስ አይመችም።

የመጨረሻው፣ ባለቤትዎን ወይም እህትዎን ይጠይቁልኝ፦ ሌሊት ያንኮራፋሉ? መሐል ላይ ትንፋሽዎ ቀጥ ብሎ ከቆየ በኋላ በድንጋጤ ይመለሳል? ጠዋት ራስዎን እያመመዎት ነው የሚነሱት? አዎ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ይዘዝልዎት። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ሳምባው ሲታመም ሌሊት ላይ ይበልጥ ይደክማል። እስኪመረመሩ ድረስ እንቅልፍ የሚያስይዝ የጉንፋን ሽሮፕ አይውሰዱ፤ ናይኩዊልም ጭምር። ሲፓፕ (ሌሊት በማስክ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ከታዘዘልዎትና አንድ ቀን እንደገና ሆስፒታል ከገቡ፣ መሣሪያውን ከነማስኩ ይዘው ይሂዱ፤ ገና ሲገቡም ለነርሷ ይንገሩ።